መዝገብ ቤት ገቢ ያላስደረግኩት ደብዳቤ አንድ ዓመት ወሰደብኝ

ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ንብረት ክፍል እየሠራሁ፣ ደሴ በኤክስቴንሽን ማኔጅመንት ተምሬ ተመርቄያለሁ። ሥራና ትምህርት አብሮ አይሄድም ሲሉኝ ለነበሩት፦ ይሄዳል። እኔን ያስለቀሰችኝ አንዲት ደብዳቤ ናት።

ምዝገባው አያስቸግርም፤ ማስረጃ፣ ፎቶ፣ ክፍያ፣ አለቀ። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት መውጣት ነው። ከኮምቦልቻ በቲሸርት የተሳፈረ ሰው ጠመዝማዛው ላይ ጉሙ ይቀበለዋልና ጃኬት ያዙ። ሚኒባስ ውስጥ ሃንድአውት አነባለሁ አትበሉ፣ ያጥወለውላችኋል። እኔ የማጠናው ከሌሊቱ 10 ሰዓት እየተነሳሁ ነበር።

አሁን ወደ ሰኔ 2014 ልምጣ። በጦርነቱ ትምህርት ተቋርጦ ስለነበር የኦፕሬሽንስ ማኔጅመንት ፋይናል ተገፍቶ ተገፍቶ ከዓመት መዝጊያ ቆጠራ ጋር ተጋጨ። ንብረት ክፍል የሠራ ሰው ቆጠራን ያውቀዋል። መጋዘኑ ይታሸጋል፤ ኩሽኔታው፣ ቺንጋው፣ ብሎኑ አንድ በአንድ ተቆጥሮ የዕቃው ገቢና ወጪ ከሚጻፍበት ቢን ካርድ ጋር ይመሳከራል። ንብረቱን የተረከበው ሰው በሌለበት አይቆጠርም። ያን ዓመት ደግሞ ከጦርነቱ ዝርፊያ በኋላ የመጀመሪያው የሰኔ 30 መዝጊያ ስለነበር መቅረት የማይታሰብ ነው።

መሥሪያ ቤቴ በቆጠራው ምክንያት ፈተናው ላይ መገኘት እንደማልችል የሚገልጽ፣ ቁጥርና ማህተም ያለው ደብዳቤ ጻፈልኝ። ሐሙስ አስፈቅጄ ደሴ ወጣሁና ለዲፓርትመንቱ ጸሐፊ ሰጠኋት። ጠረጴዛዋ ጥግ ላይ፣ የሻይ ፔርሙዙ ሥር አስቀመጠችው። «መዝገብ ቤት ላስገባው እንዴ?» ስላት፣ «አብሽሪ፣ እኔ አደርሰዋለሁ» አለችኝ። አብሽሬ ወጣሁ።

ነሐሴ ላይ ውጤት ሲወጣ ኤፍ።

ሬጅስትራር ሄድኩ፤ «ዲፓርትመንቱ ኢንኮምፕሊት፣ ማለትም በምክንያት ያልተፈተነች ብሎ አልላከልንም» አሉኝ። ዲፓርትመንት ስሄድ ደብዳቤው አልደረሰንም አሉ። ጸሐፊዋ ተዛውራለች። ኃላፊው «ገቢ የሆነበት ቁጥር ስንት ነው?» አለኝ። የለኝም። ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ ባሳየው፣ «ይሄ መጻፉን እንጂ እኛ ጋ መድረሱን አያሳይም» አለኝ። ቢሮው ቅዳሜ ስለማይከፈት ከሥራ እያስፈቀድኩ 7 ጊዜ ተመላለስኩ። ደብዳቤው ይፈለግ ብዬ ለመንኩ፤ አንድም ሰው ከወንበሩ ተነስቶ መሳቢያ አልከፈተም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከዚያ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን የራሴ ነገር ነው። በየቀኑ መጋዘን በር ላይ ቆሜ «ያለ ፊርማ ዕቃ አይወጣም» የምል ሰው፣ የራሴን ወረቀት ያለ ፊርማ አስረክቤ ሄድኩ።

ኮርሱ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ነው። ጓደኞቼ ጋውን ለብሰው ፎቶ ሲነሱ እኔ ስልክ አጥፍቼ ቤቴ ዋልኩ። በ2015 ደግሞ የመውጫ ፈተና መጣ፤ 50 በመቶ ካላመጡ ዲግሪ የለም። እነሱን ያልነካቸውን ፈተና እኔ ተቀመጥኩ፣ አለፍኩም። በዚህ እኮራለሁ።

ኮሌጆች ሙሉ ሎድ፣ ማለትም የሴሚስተሩን ኮርስ ሁሉ ውሰዱ፣ ቶሎ ትጨርሳላችሁ ይሏችኋል። ሒሳብ ወይም ንብረት ክፍል የምትሠሩ ከሆነ አትስሟቸው፤ ሰኔ አካባቢ በሚያልቀው ሴሚስተር አንድ ኮርስ ቀንሱ። መማራችሁን ከአለቃ አትደብቁ፤ የፈተና ፕሮግራሙ በወጣ ዕለት ወስዳችሁ አሳዩት። ደብዳቤ ሁልጊዜ በሁለት ኮፒ ይሁን፤ አንዱ መዝገብ ቤት ይቀራል፣ ሁለተኛው ላይ ገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም አስመትታችሁ ትይዛላችሁ። መዝገብ ቤቱ ዝግ ከሆነ ደብዳቤውን ይዛችሁ ተመለሱ። ለማንም ደግ ሰው አትስጡ።

ባለፈው ሰኔ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ከደሴ ደወለልኝ። «እታለም፣ የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ምሳ ወጥቷል፣ ጸሐፊዋ ልቀበልህ ትለኛለች» አለ። በሩ ላይ ቁጭ ብለህ ጠብቀው አልኩት። 8 ሰዓት ተኩል ላይ ማህተም ያረፈበትን ኮፒ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ፤ ቀለሙ ገና እርጥብ ነበር።