ከመስኮቱ በላይ የተሰቀለው ብረት

ዛሬ ለረጅም ዘመን ባገለገለ የከተማ ሲኒማ ቤት ውስጥ የፊልም ማሳያ ክፍሉን የማየት ዕድል አገኘሁ። ያስጎበኙኝ ጡረታ የወጡ የፊልም አጫዋች ነበሩ። እኔ በግዙፎቹ ፕሮጀክተሮች ስገረም እሳቸው ወደ አዳራሹ የሚያሳዩትን ትናንሽ መስኮቶች አመለከቱኝና «እስቲ ቀና በል፤ ከላይ ምን ይታይሃል?» አሉኝ። ከእያንዳንዱ መስኮት በላይ ከባድ የብረት መዝጊያ ተሰቅሏል።

መዝጊያው የተሠራው ለእሳት ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ብዙው የሲኒማ ፊልም ከሴሉሎስ ናይትሬት ይሠራ ስለነበር በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ አንዴ ከተያያዘም ለመንደድ የሚያስፈልገውን ኦክስጅን ራሱ ስለሚያመነጭ ውሃ ውስጥ ቢነከር እንኳ መንደዱን አያቆምም። ይህ ፊልም የሚያልፈው ደግሞ በሁለት የካርቦን ዘንጎች መካከል በሚነድ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ብርሃን ፊት ነበር። እሳት ሲነሳ መዝጊያውን የያዘው ማያያዣ በሙቀቱ ይቀልጥና ብረቱ በራሱ ወርዶ ክፍሉን ከአዳራሹ ይለያል። ተመልካቹ ይተርፋል፤ አጫዋቹ በበኩሉ መውጫውን ራሱ መፈለግ ነበረበት። (ይህን ሲነግሩኝ እሳቸው ሳቁ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም።)

አንዱ የፊልም ጥቅል ሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሚቆይ ሁለቱ ፕሮጀክተሮች እየተፈራረቁ ይሠሩ ነበር፤ በምስሉ ቀኝ ጥግ ብልጭ ትል የነበረችው ነጥብም ለአጫዋቹ የመቀያየሪያ ምልክት ነበረች። የሲኒማ ቤቶች ታሪክ ሲጻፍ የምረቃው ቀን፣ የባለቤቶቹ ስምና የታዩት ፊልሞች ይዘረዘራሉ፤ ያችን ነጥብ ሲጠብቅ ያመሸው ሰው ግን እምብዛም አይነሳም። በእድሳት ጊዜም መዝጊያዎቹ እንደ ተራ ብረት ተነቅለው እንዳይጣሉ እሰጋለሁ።