ዘይት የማይበላው መኪና

ኮምቦልቻ ጋራዥ ከገባሁ ስምንተኛ ዓመቴ ነበር። የኮምፒውተር መመርመሪያ መያዝ የሚችለውም እኔ ብቻ ነበርኩ። ስለዚህ ትንሽ ተኮፍሻለሁ፤ አልዋሽም።

በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አንድ ነጭ ረጅም ቫን እየተንፏቀቀ ግቢያችን ገባ። ውስጡ አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ እጅ መታጠቢያ ሳይቀር አለው። የአዲስ አበባ አስጎብኚዎች መኪና ነው። ሁለት እንግዶች ይዞ ሐይቅ ዳር ሦስት ሌሊት አድሯል፤ የሚቀረው ላሊበላ ነው። እንግዶቹን ደሴ ሆቴል አስቀምጦ ነው የመጣው።

«ወንድሜ፣ ከሐይቅ ደሴ ያለውን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ነው የወጣሁት» አለኝ ሾፌሩ። «ኋላዬ የነበረው አይሱዙ ጡሩምባውን አልነቅል ብሎ አሳበደኝ።»

ዳሽቦርዱ ላይ የጥላሸት ፊልትሮ መብራት በርቷል። ሞተሩ አቅሙን ቀንሶ ራሱን እየጠበቀ ነው። ሾፌሩ ግን መኪናውን ማማት አልፈለገም። «ሌላው ሁሉ ሸጋ ነው። ዘይት የሚባል አይበላም። እንዲያውም ይጨምራል!» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ያቺን ሳቅ እስካሁን አልረሳኋትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዘመኑ የናፍታ መኪና ከሞተሩ የሚወጣውን ጥላሸት የሚይዝ ፊልትሮ ጭስ ማውጫው ላይ አለው። አውሮፓ ዩሮ 5 የሚባለውን የመኪና ጭስ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ተግባራዊ ስታደርግ፣ ያለዚህ ፊልትሮ ማለፍ ከባድ ሆነ። ፊልትሮው ሲሞላ ሞተሩ ተጨማሪ ናፍታ ይረጭና የጭሱን ሙቀት ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያደርሰዋል። ጥላሸቱ እዚያው ነድዶ ያልቃል። ለዚህ ግን መኪናው ሳይቋረጥ 15 ወይም 20 ደቂቃ ያህል መነዳት አለበት። ከተማ ውስጥ ቆም ሄድ ለሚል መኪና ይህ ፈተና ነው።

እኔ ያን ቀን ይህን ሁሉ አውቃለሁ። መመርመሪያዬን ሰካሁ። ፊልትሮው ጢም ብሏል። ኢጂአሩን፣ ከጭሱ ጥቂቱን ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን ክፍል፣ ፈታሁት፤ የቡና ጀበና ውስጥ ይመስላል፣ በጥላሸት ተለስኗል። አጠብኩት። ከዚያ መኪናውን ግቢው መሃል አቁሜ፣ ከሥሩ ያለውን ደረቅ ሣርና ካርቶን አስጠርጌ፣ በመመርመሪያው ፊልትሮውን እንዲያቃጥል አዘዝኩት። ሞተሩ ብቻውን እየጮኸ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየ። መብራቱ ጠፋ። ሾፌሩ ከፈለኝ፣ መረቀኝ፣ ሄደ። እጄን ታጥቤ ሻይ አዘዝኩ።

በአራተኛው ቀን ስልኬ ጠራ። «ድልብ ዳገቱ ላይ ነኝ። መብራቷ መጥታለች።» ከወልድያ ወደ ጋሸና የሚወጣውን ያን ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል። አቅም የሌለው መኪና ይዞ እዚያ መቆም አያምርም። እንግዶቹ በሌላ መኪና ላሊበላ ሄዱ። ሾፌሩ ቁልቁል ወደ ወልድያ ተመልሶ፣ በማግሥቱ እንደምንም እኛ ጋ ደረሰ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

መመርመሪያዬን ላመጣ ስል አያ ደረሱ። አያ የጋራዡ አለቃ ናቸው፤ ሁላችንም እንዲሁ ነው የምንጠራቸው። ጣሊያን ሠራሽ የጭነት መኪና ሲፈቱ ያረጁ ሰው ናቸው። ኮምፒውተር አይነኩም። በሱ ምክንያት፣ እውነቱን ልናገርና፣ ጊዜ ያለፈባቸው ይመስሉኝ ነበር።

የዘይት መለኪያውን መዘዙ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ሁለት ጣት አልፏል። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ለእኔም ሰጡኝ። ናፍታ ናፍታ ይሸታል።

«ዘይት ጨምረህ ነበር?» አሉት ሾፌሩን።

«ኧረ እኔ! አንድም ቀን።»

«እንግዲያ ማን ጨመረው?»

ፊልትሮውን ለማቃጠል የሚረጨው ናፍታ ሁሉም አይነድም። ሥራው በተቋረጠ ቁጥር ጥቂቱ በሲሊንደሩ ግድግዳ እየወረደ ዘይት ውስጥ ይገባል። ዘይቱ ይቀጥናል፣ ማለስለሱን ይተዋል። በጣም ሲበዛ ደግሞ ሞተሩ የገዛ ዘይቱን ሊጠጣ ይችላል። ያኔ ቁልፍ ብታወጣም አይጠፋም፤ እስኪሰባበር ይጮኻል። እኔ እንዲህ ያለ መኪና ላይ ነው ግቢ መሃል አቁሜ ግማሽ ሰዓት ያስጮኽኩት። ዘይቱን እንኳ ሳላይ። ወገቤን ላብ ላብ አለኝ።

አያ ግን ገና ጥያቄ ላይ ናቸው። «ልጄ፣ ማታ ማታ መኪናውን ምን ታደርገዋለህ?»

«ምንም። ይቆማል።»

«ፍሪጁስ?»

ሾፌሩ ትንሽ አሰበ። «እህ... ባትሪው እንዳይደክም ሞተሩን በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳልረግጥ፣ አስነሥቼ ሁለት ሰዓት አቆየዋለሁ። ጠዋትም እንግዶቹ ሲበርዳቸው ትንሽ።»

ይኸው! በሚኒሞ የቆመ ናፍታ ሞተር ጭሱ ቀዝቃዛ ነው። ጥላሸት ያመርታል እንጂ አያቃጥልም። ለፊልትሮው ከዚህ የከፋ ኑሮ የለም። ይህንን እንደ ገጠር ሐኪም በአንድ ጥያቄ አወጡት። መመርመሪያው የማይጠይቀውን ጥያቄ እኔም አልጠየቅሁም ነበር።

ከሁሉ ያበገነኝ ግን ጣሪያው ነው። መኪናው ከፋብሪካው ባይሆንም በባለቤቶቹ የተገጠመለት ባትሪ የሚሞላ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ አለው። ወጥቼ ሳይ፣ ላዩ ላይ ሁለት ጄሪካንና የተጠቀለለ ፍራሽ ታስሯል። የቀረው ደግሞ በአቧራ ተለብጧል። ሾፌሩ «እኔ እኮ ዕቃ መጫኛ መስሎኝ!» አለ።

አያ በዚህም አልጠገቡ። «ዳገት ላይ ነው የሚሞተው አላችሁ። አየር ያጥረዋል ማለት ነው» አሉ። እኔን ነዳጅ እንድረግጥ አስቀመጡኝ። እርሳቸው አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ ከሚያስገባው ቱርቦ ወደ አየር ማቀዝቀዣው ኢንተርኩለር የሚሄደውን ወፍራም የጎማ ቱቦ በጨርቅ ጨበጡ። ስረግጥ «ፊ-ስ-ስ»። ከሥሩ፣ ዓይን በማያየው በኩል፣ ጣት የምታክል ስንጥቅ ነበረች። ሞተሩ ጠፍቶ ስታያት የለችም። ሲጨነቅ ትከፈታለች።

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲተያይ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦው የጎደለውን ሊሞላ ይታገላል፤ የሞላውን ደግሞ ስንጥቋ ታፈሰዋለች። አየር ያነሰው ናፍታ ጥላሸት ይሆናል። እኔ ጥላሸቱን አጠብኩ። ምንጩን እዚያው ትቼው ነበር።

ሾፌሩ ተስፋ ቆርጦ «አያ፣ ይህን ፊልትሮ ለምን ቀደን አንጥለውም?» አለ። ብዙ ጋራዥ እንዲያ ይደረጋል። እኔም አድርጌ አውቃለሁ። አያ አልፈለጉም። የኋላው በር ላይ እንግዶች ይተኛሉ፤ ጭሱ ወዴት ይሄዳል? የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል የናፍታ ጭስ ካንሰር እንደሚያመጣ እ.ኤ.አ. በ2012 አረጋግጧል። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ አያ ያሉት «የሰው ልጅ እኮ ይተነፍሳል» ብቻ ነው።

ቱቦው ኮምቦልቻ ጠፋ። ደሴ ፒያሳ ከሚገኝ መለዋወጫ ቤት ልኩ የሆነ ቱቦና ሁለት የቱቦ ማሰሪያ ፋሼታ ተገኘ። ዘይቱንና የዘይት ፊልትሮውን ቀየርን። ለእንዲህ ያለ መኪና አመዱ ያነሰ ዘይት ነው የሚያስፈልገው፤ ጥላሸት ይነዳል፣ የዘይት አመድ ግን ፊልትሮው ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል። እሱንም ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አስመጣነው። ጄሪካኖቹን አወረድን፤ ጣሪያውን በባልዲ ውኃ አጠብኩት። የእጅ ዋጋ አልተቀበልንም። አያ በዓይናቸው ነው የነገሩኝ።

ከዚያ ወደ ሐርቡ ነዳነው። ሜዳ ነው፤ በአንድ ማርሽ ሳያቋርጡ መሄድ ይቻላል። ፊልትሮው በራሱ ጊዜ ነደደ። ተመልሰን ሐረጎን ወደ ደሴ ስንወጣ ሾፌሩ አይሱዙ ቀደመ። ጡሩምባውንም አልማረውም።

ደሴ ሻይ ጠጥተን ስንወጣ ጭስ ማውጫው ቀዝቅዟል። ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ ጣቱን ከተተ፣ አዙሮ ጠረገው፣ አወጣው። ጣቱን አየ። ከዚያ ቱታዬ ደረት ላይ አሸት አደረገብኝ።

ምንም አልነበረበትም።