ድብ አይተህ ታውቃለህ?

ስቫልባርድ ለመኖር ቪዛ አይጠየቅም። ደሴቶቹ ከኖርዌይ በስተሰሜን፣ ወደ ሰሜን ዋልታ በሚወስደው ባሕር ላይ ናቸው። በ1920 በተፈረመ ውል ኖርዌይ ታስተዳድራቸዋለች። ሆኖም ራሱን ማስተዳደር የቻለ ሰው ከየትም ይምጣ ከየት መኖር ይፈቀድለታል። ነገሩ የሚያምረው ግን በወሬ ደረጃ ነው። አውሮፕላኑ የሚነሳው ከኖርዌይ ስለሆነ ቪዛውን እዚያ ይጠይቁሃል። "ወንድሜን ልላክልህ" እያላችሁ የምትደውሉልኝ ሰዎች ይቺን ያዙልኝ።

እኔ የኦስሎ ነዋሪ ስለሆንኩ በሰላም አለፍኩ። ያገኘሁት የሰመር ሥራ ነው፤ ሎንግየርብየን በምትባለው ከተማ የመርከብ እንግዶችን በሚኒባስ ማዞር። ሹፌሩም አስጎብኚውም አንድ ሰው ነው። ማይኩ ጆሮ ላይ ይሰካል፣ እጅ ከመሪ አይነሳም። ከተማዋና ዙሪያዋ ያለው መንገድ ተደምሮ 50 ኪሎ ሜትር ቢሞላ ነው። ወደ ሌላ ሰፈር የሚወስድ መንገድ ጭራሽ የለም። መርከብ፣ አውሮፕላን ወይም በክረምት የበረዶ ሞተር ነው እንጂ።

ችግሩ ድቡ ነው፤ ነጩ የዋልታ ድብ። አየር ማረፊያው ሻንጣ የምትቀበልበት ቦታ ላይ ቆዳው የተሞላ እውነተኛ ድብ ቆሞ ይቀበልሃል። ሱቅ ስትገባ ኩባያው ላይ ድብ፣ ካልሲው ላይ ድብ። የኛም ሚኒባስ ጎኑ ላይ ከጎማ እስከ ጣሪያ ድብ ተለጥፎበታል። እንግዳው ሲሳፈር ድቡን ይዳብሳል፣ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እውነተኛውን ይጠብቃል።

አለቃችን ለሁሉም ሹፌር አንድ ወረቀት ሰጥቶናል። የመጀመሪያው መስመር "ከሰው ይልቅ ድብ ወደሚበዛበት አገር እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ሦስት ሺህ ድቦች አሉን" ይላል። እሱ ብቻ አይደለም፣ በዚያ አካባቢ ይሄን የማይል አስጎብኚ ማግኘት ይከብዳል። ሹፌሮቹ ግን እውነቱን እናውቃለን። ሦስት ሺህ የሚባለው በስቫልባርድና በሩሲያ መካከል ያለው የባረንትስ ባሕር ድብ በሙሉ ነው፤ ሩሲያ ክልል ውስጥ ያሉትን የፍራንዝ ዮሴፍ ደሴቶች ጨምሮ። በ2004 በሄሊኮፕተር እየዞሩ ቆጥረው፣ ያላዩትን በስሌት ጨምረው 2,650 ገደማ ብለው ገመቱ። ዓመቱን ሙሉ ስቫልባርድ የሚኖሩት ደግሞ 300 አካባቢ ናቸው። ሎንግየርብየን ብቻዋን ወደ 2,500 ሰው አላት። ስለዚህ የሚበዛው ሰው ነው። በዚያ ላይ መርከቧ የምታራግፈው ሕዝብ አለ።

ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ፣ በቃል የተነገረን መመሪያም አለ። "እንግዳ ድብ አይተህ ታውቃለህ ብሎ ከጠየቀህ፣ አላየሁም አትበል። እዚህ አገር ነገ ምን እንደሚገጥም አይታወቅም በል።"

አንድ ቀን ትልቅ መርከብ ገባች። ከሚሳፈሩት መካከል አንድ ሸምገል ያሉ ሰውና ልጃቸው አሉ። ደረቴ ላይ ያለውን ስም አነበቡና ቀና ብለው አዩኝ።

"ሐበሻ ነህ እንዴ?"

"ነኝ ጋሼ።"

"በስመአብ! እዚህስ ምን አመጣህ?"

"እርስዎንስ ምን አመጣዎት?"

"እኔንማ ይቺ ናት" አሉ ልጃቸውን እያሳዩ። ከቨርጂኒያ ነው የመጡት። ድሮ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። ከጎኔ ያለውን የፊት ወንበር ያዙ። ልጅቱ ከኋላ ተቀመጠች።

መንገድ ጀመርን። ሬንዲሮቹ፣ የሰሜኑ አጋዘኖች ማለት ነው፣ እንደ ልማዳቸው በቤቶቹ መሀል ይግጣሉ። የስቫልባርድ ሬንዲር እግሩ አጭር፣ ወገቡ ድንቡሽ ያለ ነው፤ ሰውንም ከቁብ አይቆጥርም። እንግዶቹ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሬንዲሮች ተንጫጩ። ከዚያ በኋላ ያው ነው፤ "ድቡስ?"

ቀጥሎ የውሾቹ ግቢ ጋ ቆምን። እኔ ከመንገዱ ሁሉ የምወደው ይሄን ቦታ ነው። በረዶ ላይ ጋሪ የሚጎትቱት ውሾች ታስረው ይጮኻሉ። አጠገባቸው፣ መንገዱ ዳር፣ ኤደር የምትባለው የባሕር ዳክዬ እንቁላሏን ታቅፋ ትቀመጣለች። እዚያ አገር የዳክዬ ጠላት ቀበሮ ነው። ቀበሮ ደግሞ የውሻ ጩኸት ያለበት አይደርስም። ይሄን በማይክ ሳስረዳ ጋሼ በአማርኛ፣ "አየህልኝ፣ ያለ ደሞዝ ዘበኛ ቀጠረች!" አሉ። የኋላው ሰው አስተያየት ግን ተመሳሳይ ነበር። ደስ ይላል፣ ድቡስ?

ከከተማ መውጫው ላይ የታወቀው ምልክት አለ። ሦስት ማዕዘን፣ ጥቁር፣ መሀሉ ላይ ነጭ ድብ። ከዚያ ወዲያ ያለ ጠመንጃ አትሂድ ለማለት ነው። ሁሉም ወርዶ ፎቶ ተነሳና ተመልሶ ገባ። ሞተር ላስነሳ ስል ጋሼ ወደኔ ዞር አሉ።

"ልጄ፣ ሦስት ሺህ ድብ ነው ያልከው?"

"አዎ ጋሼ።"

"ማን ቆጠራቸው?"

እንግዲህ አስተማሪ ሲጠይቅህ ምን ታደርጋለህ? ሄሊኮፕተሩንም፣ ስሌቱንም፣ የሩሲያውንም ድርሻ፣ ሁሉንም በአማርኛ ዘረገፍኩት። ማይኩ ክፍት ነው፤ የሚሰማ እንጂ የሚገባው የለም። ጋሼ ጥቂት አሰቡና ሌላ ጥያቄ አመጡ።

"አንተስ በዓይንህ አይተህ ታውቃለህ?"

"አላየሁም ጋሼ።"

"እስከ ዛሬ?"

"መኪናው ላይ ያለውን በየጠዋቱ አጥበዋለሁ።"

ሳቁ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ልጅቱ "አባዬ፣ ምንድን ነው?" ትላለች። መሀረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉና ወደ ኋላ ዞሩ። ከዚያ ክፍል በሚያስተምሩበት ድምፅ፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ ለሚኒባሱ በሙሉ አወጁ። ሹፌራችን ድብ አይቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው በየጠዋቱ የሚያጥበውን ብቻ ነው፤ ስለ ቁጥሩም ስታርፉ ብትጠይቁት ጥሩ ነው አሉ።

ሚኒባሱ በሳቅ ተናጋ። የመጨረሻው ወንበር ላይ የተቀመጠች አንዲት ሴትዮ ብቻ አልሳቀችም። ማታ ቢሮው የደረሰው ቅሬታ የማን እንደሆነ አልተነገረኝም፤ መገመት ግን አይከብድም።

በማግስቱ ተጠራሁ። ሎንግየርብየን ውስጥ ብዙ ቤት ስትገባ ጫማህን በር ላይ ታወልቃለህ። ከከሰል ማዕድን ዘመን የቀረ ልማድ ነው፤ ድሮ የከሰል ትቢያ ቤት እንዳይገባ ነበር። ስለዚህ ተግሣጹ በካልሲ ነው። አለቃዬ በዕድሜ ከኔ ያንሳል። የሱ ካልሲ ላይ ድብ አለ።

"እንግዶቹ ተስፋ ይዘው ነው የሚመጡት" አለኝ። "አንተ ደግሞ ተስፋቸውን ቆረጥክ።"

"ታዲያ ድቡን ከየት ላምጣላቸው?"

"አምጣ አላልኩህም። ይኖራል ብለው እንዲያስቡ ተዋቸው።"

ሕጉን ጠቀስኩለት። ድብ ማባበል፣ ማሳደድና መረበሽ ክልክል ነው። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ከ300 ሜትር ባነሰ ርቀት አትጠጋውም፤ ከማርች 1 እስከ ጁን 30 ባለው ጊዜ 500 ሜትር ነው። በሚኒባስ ድብ የሚያሳይ ሰው ቢኖር እንኳ መታሰር የነበረበት እሱ ነው አልኩት። "ሕጉን ከኔ በላይ ታውቃለህ?" አለ። መልሱን ሁለታችንም እናውቀው ስለነበር ዝም አልኩ።

በመጨረሻ "ነገ እኔ አብሬህ እወጣለሁ፣ እንዴት እንደሚሠራ እይ" አለኝ።

ወጣ። መናገሩን ይችላል፣ አልዋሽም። ውሾቹ ጋ ስንደርስ እንግዶቹን አስከትሎ ወረደ። እዚያ አካባቢ አርክቲክ ተርን የምትባል ነጭ ወፍ መሬት ላይ ትፈለፍላለች። ክብደቷ መቶ ግራም ገደማ ነው። ሰሜኑ ሲጨልም ዓለምን አቋርጣ እስከ ደቡብ ዋልታ ባሕር ትበራለች። ጎጆዋ አጠገብ ከደረስክ ቀጥታ ወደ ራስህ ነው። የምትመታው ከፍ ያለውን ነገር ስለሆነ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከጭንቅላት በላይ የሚያዝ ዱላ አለ። አንዱን አቀበልኩት።

"ወፍ እኮ ናት" አለኝ።

አለቃዬ መላጣ ነው። ሌላውን እናንተ ጨርሱት። የሚኒባሱን የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን ከፍቼ ፕላስተር የለጠፍኩለት እኔ ነኝ። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ከንፈሬን ግን ነክሼ ነበር። በዚያ ቀን ስለ ድብ የጠየቀ እንግዳ የለም።

አሁንም ድረስ የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። የጋሼ መርከብ ጓደኞች ወደየአገራቸው ሲመለሱ ስለኛ ኢንተርኔት ላይ ጻፉ። ድብ አይቶ የማያውቀው ሐቀኛ ሹፌር እያሉ አምስት ኮከብ በአምስት ኮከብ አደረጉን። ብዙ ሳይቆይ አለቃችን አዲስ ወረቀት አደለ። የመጀመሪያው መስመር ተቀይሯል። "እኔ ሹፌራችሁ ድብ አይቼ አላውቅም፤ የማውቀው በየጠዋቱ የማጥበውን ብቻ ነው!" የሁሉም ሹፌር ወረቀት ላይ አለ። እዚያ ተወልዳ ያደገችው ባልደረባችን ሳትቀር ታነበዋለች፣ ልጅ ሆና ጀምሮ ድብ የምታውቀዋ። አለቃችን ለአዲስ ሠራተኞች ሲያስተዋውቀው "አንድ ቀን ድንገት የመጣልኝ ሐሳብ ነው" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሐቅ መናገር ዋጋ እንዳለው ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ዋጋውን የሚሰበስበው ማን እንደሆነም ጭምር።

ኦገስት ሲገባ አንድ ሌሊት በሩ ተንኳኳ። ሌሊት ይባል እንጂ ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ኦገስት ማለቂያ ገደማ ፀሐይ አትጠልቅም። አብሮን የሚሠራ ፊሊፒናዊ "ውጣ፣ ውጣ!" ይላል። ከባሕር ሰላጤው ማዶ፣ ዮርትሃምን ከሚባለው የጎጆዎች ሰፈር አጠገብ፣ ቢጫ ቢጤ ነጥብ ትንቀሳቀሳለች። የሩቅ ማያ መነጽሩን ተቀበልኩት። ድብ ነው። አፍንጫውን ወደ መሬት ደፍቶ፣ ሳይቸኩል ይሄዳል። ብዙም ሳይቆይ የገዥው ቢሮ ሄሊኮፕተር መጥቶ ከሰፈሩ አራቀው። ፎቶ ለማንሳት እንኳ ጊዜ አልነበረም።

ጠዋት ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ቢሮ ገብቼ፣ በካልሲዬ፣ "ዛሬ ሌሊት አየሁ!" አልኩት ለአለቃዬ።

ቡናውን አስቀመጠና ወረቀቱን አየው።

"ለእንግዶቹ እንዳትነግራቸው" አለኝ።

በዚያው ቀን ማይኩን ሰክቼ የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩ። ሁሉም ሳቀ። አንድ ልጅ ከኋላ ተነስቶ "የምርህን ነው? አንድም ቀን?" ብሎ ጠየቀኝ። "አንድም ቀን" አልኩት። የዚያን ቀን ቲፕ ጥሩ ነበር።