ስሙ የሚጻፈው ማን ነው?

ዛሬ ከደሴ ወጣ ብዬ ኩታበር አካባቢ ከሴፍቲኔት (ለምግብ እጥረት የተጋለጡ ቤተሰቦች የሚደገፉበት ፕሮግራም) ተጠቃሚዎች ጋር ስጨዋወት ዋልኩ። ሙሉ ወጪው የሚሸፈን የዶክትሬት ዕድል ለማግኘት የማዘጋጀው ፕሮፖዛል በሰብዓዊ ዕርዳታ አንትሮፖሎጂ ላይ ነው፤ ስንት ኩንታል ስንዴ መጣ ከሚለው ይልቅ ስሙ በዝርዝሩ ላይ የሚሰፍረው ማን እንደሆነ፣ ማን እንደሚቀርና የተቀበለውስ ምን እንደሚያደርገው ይጠይቃል።

ወሎ ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። ከ1966ቱ ረሃብ በኋላ፣ በ1977 ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረችው ኮረም በሌላ ረሃብ ሳቢያ በዓለም ቴሌቪዥን ታየች፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ መሥራት የሚችለው እርከን እየሠራ፣ አቅመ ደካማው በቀጥታ የሚደገፍበት ሴፍቲኔት መጣ።

አንድ አዛውንት፣ «ልጄ፣ የምትጽፈው ለስንዴው ነው ወይስ ለራስህ?» አሉኝ። ለትምህርቴ እንደሆነና ስማቸውን እንደማልጠቅስ ስነግራቸው፣ «እንግዲያው እናውራ» ብለው ተረጂዎችን ስለሚመርጠው መልማይ ኮሚቴ አጫወቱኝ፦ መልማዩ የሚመርጠው ከገዛ ጎረቤቶቹ መካከል በመሆኑ፣ ለአንዱ የሰጠው ኮታ ሌላውን ማስቀየሙ አይቀርም፤ ተቀባዩም ለቀረው ዘመዱ ቆንጥሮ ያካፍላል። የፕሮግራም ባለሙያዎች ይህን ማካፈል የዕርዳታውን መጠን የሚያሳንስ ጉድለት አድርገው ያዩታል (እኔ ግን ኅብረተሰቡ ራሱ የሚያካሂደው ሁለተኛ ምልመላ ይመስለኛል)።

ይህን ለማየት የጥቂት ሳምንት ቃለ መጠይቅ አይበቃም። ስለዚህ በበጀቱ ላይ የመስክ ቆይታውን ወደ ሙሉ ዓመት አሳድጌዋለሁ፤ ምልመላውም፣ የክረምቱ ችግርም፣ የመኸሩ አዝመራም በአንድ ዙር እንዲታዩ።