ለምን ቆሙ?

ጅማ ውስጥ በአንድ የቡና ነጋዴ ድርጅት የስምሪት ሠራተኛ ሆኜ የተቀጠርኩት በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው፤ ቡና ይጫናል፣ ወረቀት ይሟላል፣ መኪናው ወደ አዲስ አበባ ይወጣል፣ እኔ ደግሞ እስኪደርስ ድረስ በኮምፒውተር እከታተለዋለሁ። በየመኪናው ጂፒኤስ ተገጥሟል። የሚሄድ መኪና አረንጓዴ ነጥብ ነው፣ የቆመ ደግሞ ቀይ። ቀዩ ከ15 ደቂቃ ካለፈ ስልክ አነሣለሁ፤ «ለምን ቆሙ?» እላለሁ። ለአምስት ወር ያህል በየሌሊቱ ይህንኑ ስጠይቅ ኖሬአለሁ፤ መልሱን ግን አንድም ቀን ከልቤ አላዳመጥኩትም።

ከሾፌሮቻችን በዕድሜ የሚበልጡትን ሰው ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ከሃያ ዓመት በላይ በዚሁ መንገድ ተመላልሰዋል። የሚነዱት አይሱዙ ኤፍ ኤስ አር ወደ 100 ኩንታል ቡና ይጭናል። ታዲያ ጋሼ አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ሰኮሩን አለፍ ብለው፣ መንገዱ ወደ ጊቤ ቆላ መውረድ ሳይጀምር፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ቀይ ይሆናሉ። አርባ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ሃምሳ። ስደውልላቸው፣ «ልጄ፣ ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው» ይሉኛል፤ ድምፃቸው ከእንቅልፍ የተነሣ ሰው ድምፅ ነው።

ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት። «እኩለ ሌሊት ላይ፣ ሰው በሌለበት፣ መቶ ኩንታል ቡና ይዞ አርባ ደቂቃ የሚቆም ሰው ምን ይሠራል ትላለህ?» አለኝ። አዲስ አበባ ላይ ሲመዘን የጋሼ ጭነት አጉድሎ አያውቅም። ጥርጣሬ ግን ሚዛን አይጠይቅም። የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ያለ በቂ ምክንያት በተደጋጋሚ በመቆም» የምትለዋን ሐረግ ስጽፍ ብዕሬ እንደ ዳኛ ኮርቶ ነበር። የሁለት ቀን ውሎ አበላቸውም ተቆረጠ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት፣ ፈረሙ፣ «መልካም» ብለው ወጡ። አንድ ቃል አልጨመሩም።

ነገሩ የሆነው ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ በጥር 2012 ነው። ያን ሌሊት አረንጓዴው ነጥብ የተለመደውን ቦታ ሳይቆም አለፈ። ጊቤን ተሻገረ፣ ወልቂጤን አለፈ። ደብዳቤዬ ሠራ ብዬ ደስ አለኝና ጠረጴዛው ላይ ጋደም አልኩ። እንግዲህ ልብ በሉ፣ እኔ ተኛሁ።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሳይሞላ ረዳታቸው ደወለ። ከወልቂጤ ወደ ጎሮ አቅጣጫ፣ ቀጥ ባለ ሜዳ ላይ፣ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ቦይ ውስጥ ተጋድሟል። የጊቤ ኩርባና ገደል ቢሆን ኖሮ ማንም ባልደነቀው። በኋላ ሳስበው ግን የሜዳው ይገባኛል፤ ገደል አፋፍ ላይ ፍርሃት ራሱ ሰውን ያነቃል፣ ሜዳ ላይ የሚያነቃ ነገር የለም።

በድርጅቱ ፒክአፕ ከጅማ ገስግሼ ስደርስ ረፋድ ላይ ነው። ቡናው መሬት ላይ ፈሷል፤ የአካባቢው ገበሬዎች ከነልጆቻቸው እየለቀሙ ወደ ጆንያ ይመልሱ ነበር። ረዳቱ የእጁን አንጓ በሻሽ አስሮ ቆሟል፤ ከእሱ ሌላ የተጎዳ የለም። ጋሼ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። እግዚአብሔር ያውቃል፣ መጀመሪያ «ተረፉ ወይ?» ልል ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ያው የለመድኩት ሆነ፦ «ጋሼ፣ ለምን?»

ቀና ብለው አዩኝ። «እንዳዘዝከኝ አልቆምኩም፤ ልጄ።»

ወዲያው «በፍጥነት ነድተው ነው» የሚል ወሬ ተነሣ። ያ ሰዎችን የምከስበት ጂፒኤስ ለመጀመሪያ ጊዜ ምስክር ሆነላቸው፤ ፍጥነታቸው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። በዚህ ፍጥነት መኪና በአንድ ሴኮንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ዓይን ለአራት ሴኮንድ ቢከደን መቶ ኩንታል የጫነ መኪና ከ50 ሜትር በላይ ያለ ሾፌር ሄደ ማለት ነው። ቦይ ለመግባት ከዚያ ያነሰም ይበቃል።

ሥራ አስኪያጁ ሊያሰናብታቸው ፈልጎ ነበር። እኔ መኪናው ተጠግኖ ሲወጣ አብሬአቸው ልሂድና መንገዱን አይቼ ሪፖርት ላቅርብ ብዬ ለመንኩ። ደግነት አይደለም፤ ደብዳቤው ኅሊናዬን ይበላኝ ስለነበር ነው።

ጉዞው የጀመረው ጋቢና ውስጥ ስገባ አልነበረም። ጋሼ ያን ቀን ከእንቅልፋቸው የተነሡት ከንጋቱ 11 ሰዓት ነው። ወደ አጋሮ ሄደው የተወሰነ ጭነት ይዘው ረፋድ ላይ ተመለሱ። ከዚያ መጋዘን በር ላይ ጥበቃ። ጫኝና አውራጆቹ ምሳ ወጡ። መሸኛውን የሚፈርመው ሰው ለቅሶ ሄዷል ተባለ። ሲመጣ ደግሞ ማኅተሙ የተቆለፈበት መሳቢያ ቁልፍ ጠፋ፤ ቁልፉ ኋላ የተገኘው በእኔው ጃኬት ኪስ ውስጥ ነው። ጋሼ በዚህ ሁሉ መሀል ጋደም ማለት አይችሉም፤ ጆንያው ሲጫን ቆመው መቁጠር አለባቸው። አንድ ቢጎድል ከደመወዛቸው ነው የሚቆረጠው። ጅማን ስንለቅ ምሽት 3 ሰዓት ሆነ።

እነዚህን ሰዓቶች ለየብቻ አውቃቸው ነበር፤ ደምሬአቸው ግን አላውቅም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ብሎ ወስኗል። ጋሼ የቀኑን ድርሻ ሞተሩን ሳያስነሡ ጨርሰውታል። እኛ በቢሮ ያባከንነው እያንዳንዱ ሰዓት ከእሳቸው እንቅልፍ ይቀነስ ነበር። አዲስ አበባም የራሱን ጨመረበት፤ ከባድ መኪና ቀን ከተማው ውስጥ እንዳይንቀሳቀስ የሰዓት ገደብ ስላለ፣ ከመንጋቱ በፊት ካልደረሱ ዳር ላይ ቆሞ መዋል ነው። ስለዚህ መንገዱ የግድ በሌሊት ያልቃል።

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰርቦን፣ አሰንዳቦን፣ ደነባን ስናልፍ ጋሼ እንደ አስጎብኚ ያሳዩኝ ጀመር። «ይህን ማደያ ታያለህ? ነዳጅ ካልቀዳህ አያስቆምህም፤ ከቀዳህም በኋላ ሰንሰለቱን ሊዘጋ ይጣደፋል።» ቀጥሎ አንድ አልጋ ቤት፦ «ግቢው ለትንሽ መኪና ነው። የእኛ ከገባ የሌላው መውጫ ይዘጋል፤ ዘይት ያንጠባጥባል ይሉናል፣ እውነታቸውን ነው።» ከተማ መሀል ዳር ይዘው ቢቆሙ ትራፊክ ፖሊስ ያነሣቸዋል። ከከተማ ወጣ ብለው በጨለማ ቢቆሙ ሸራ ቀደው ጆንያ የሚያወርዱ፣ ነዳጅ የሚቀዱ፣ ባትሪ የሚፈቱ አሉ። ብርሃንና ጥበቃ ያለው ኬላ ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ ወረቀት አሳይቶ መሄድ እንጂ መቆም የለም።

ሰኮሩን አለፍን። ያ ቀይ ነጥብ የሚበራበት ቦታ ላይ ስንደርስ መኪናው ዳር ያዘ። እኔ በስክሪን ላይ በልቤ የሣልኩት ሌቦች የሚገናኙበት ስርቻ ነበር። ያየሁት፣ መንገድ ሠሪዎች ጠጠር ሲያራግፉበት ኖረው የተዉት ሰፊ ሜዳ፣ አንዲት የላስቲክ ዳስ፣ ከሰል ላይ የተጣደ ጀበና፣ ጋቢ የለበሱ አንዲት እናትና ዱላ የያዘ ዘበኛ ነው። ረዳቱ ወርዶ ጎማው ሥር ታኮ አደረገ። እናትየው፣ «ዛሬስ እንግዳ ይዘው መጡ» አሉ። «የሚደውለው ልጅ ነው» አሉ ጋሼ። ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች ካዩኝ በኋላ ቡናውን መጀመሪያ ለሌላ ሰው ቀዱ።

ለምን እዚህ እንደሚቆሙ ጠየቅኳቸው፤ በዚህ ጥያቄ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ ፈልጌ። ከዚህ በኋላ እስከ ድልድዩ ድረስ ቁልቁለት ነው፤ ይህን የሚያህል መኪና ዳር የሚይዝበት ሌላ ሰፊ ቦታ አያውቁም። ቁልቁለቱን በደከመ ዓይን መጀመር አይፈልጉም። እንቅልፉም መምጣት የሚጀምረው እዚህ አካባቢ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ከዚህ የተሻለ የተመረጠ ማረፊያ አላየሁም፤ እኔ ደግሞ አበል ቆርጬበታለሁ።

ጋሼ ቡናቸውን በሁለት ጉንጭ ጨርሰው ጋቢና ገብተው ተኙ። ቡና ጠጥቶ መተኛት! አሳቀኝ። በኋላ ሳነብ ግን ልክ ሆነው አገኘኋቸው። የቡናው ካፌይን ሥራውን የሚጀምረው ከተጠጣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው፤ በዚያች መሀል አጭር እንቅልፍ የወሰደ ሰው፣ ሲነሣ ቡናውም እንቅልፉም አብረው ያግዙታል። 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ደግሞ ንቃቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይቀራረባል። ጋሼ እዚህ ሲደርሱ 19 ሰዓት አልፏቸዋል። መጠጥ ሳይቀምሱ።

ጫት የሚቅሙ ሾፌሮች ብዙ ናቸው፤ ጋሼ ግን አይቅሙም። ምክንያታቸውን ረዳቱ ነው የነገረኝ፤ «ጫት ዓይን ይከፍታል እንጂ የእንቅልፍ ዕዳ አይከፍልም» ይላሉ አሉ።

የአውሮፓ ኅብረት ሕግ የጭነት መኪና ሾፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ 45 ደቂቃ እንዲያርፍ ያስገድዳል። ጋሼ ሕጉን ሳያነቡ ደቂቃውን አግኝተውታል። እዚያም ቢሆን የማቆሚያ ቦታ እጥረት ሾፌሩን ሲያንከራትተው ያድራል፤ ሕግ ብቻውን መኪና የሚቆምበት መሬት አይሆንም። ጋሼ አንዳንዴ እስከ አዳማ ይላካሉ። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመውን ፈጣን መንገድ ያመሰግኑታል፣ ኩርባ የለም፣ ግመልና አህያ የለም። ግን ዳር ላይ መቆም የሚፈቀደው ለተበላሸ መኪና ነው። «የተበላሸው ሾፌሩ ከሆነስ?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም።

በአባ ጅፋር ዘመን የሂርማታ ገበያ የደቡብ ምዕራብ ትልቁ የንግድ ማዕከል በነበረበት ጊዜ፣ ሲራራ ነጋዴ ቡናውንም ቆዳውንም በበቅሎ ነበር የሚያግዘው። የማደሪያው ነገር ከጭነቱ እኩል ይታሰብ ነበር፤ በቅሎ የደከማት ዕለት አልሄድም ብላ ትቆማለች፣ ማንም ደብዳቤ አይጽፍባትም። መኪና እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም። ነዳጅ እስካለው ይሄዳል።

ሪፖርቴን አቀረብኩ። ሥራ አስኪያጁ ስለ እንቅልፍ ያነበብኩትን ሁሉ ሰምቶ ዝም አለ። ያሸነፈው የጥገናውና የፈሰሰው ቡና ሒሳብ ነው፤ ይሁን፣ ማሸነፉ ነው ቁም ነገሩ። ደብዳቤው ከጋሼ ማኅደር ወጣ፣ አበሉም ተመለሰ። መሸኛው ጠዋት እንዲፈረም፣ ጭነቱ እስከ 9 ሰዓት እንዲያልቅ፣ መኪናው በ10 ሰዓት እንዲወጣ ተወሰነ። ቆጠራውን ሌላ ሠራተኛ ይረከባል፤ ሾፌሩ ከሰዓት በፊት ይተኛል። ወልቂጤ ላይ ሰፊ ግቢ ያለው አልጋ ቤት ተገኘና የዘበኛውን ክፍያ ድርጅቱ ቻለ፤ እዚያ እስከ 8 ሰዓት ተኝተው ንጋት ላይ ሰበታ ይደርሳሉ። ከ8 ሰዓት እስከ ንጋት ያለው ጊዜ ሰውነት ይበልጥ እንቅልፍ የሚፈልግበት ሰዓት መሆኑን አውቃለሁ። ተኝቶ መነሣቱ ግን ጨርሶ ካለመተኛት ይሻላል። መኪናው ሲንቀሳቀስ ለሾፌሩ መደወልም አቆምኩ፤ የምፈልገው ካለ ለረዳቱ ነው።

ይህ ሁሉ ሁልጊዜ ይሠራል አልልም። ለቅሶ አይቀርም፣ ማኅተም ይጠፋል፣ መኪና ምሽት 3 ሰዓት ላይ የሚወጣበት ቀን አለ። ያኔ ወልቂጤ ለመተኛት ጊዜ አይበቃም፤ ጋሼ ወደ እናትየው ዳስ ይመለሳሉ።

በስምሪት ቅጹ ላይ ቀድሞ የነበሩት ሁለት መስመሮች ናቸው፤ የመነሻ ሰዓትና የመድረሻ ሰዓት። በመሀላቸው ሦስተኛ ጨመርኩ፤ «የዕረፍት ቦታ»። ለጥቂት ወራት ጋሼ በሰፊ የእጅ ጽሑፋቸው «ሰኮሩን አልፎ» ብለው ይሞሉት ነበር።

ክረምት መግቢያ ላይ ደወሉልኝ፤ እሳቸው ሲደውሉልኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ለመንገድ ጥገና የመጣ ጠጠር ሜዳው ላይ ተቆልሏል፣ እናትየውም ዳሳቸውን አንሥተው ሄደዋል። «እንዴት ልትሆኑ ነው?» አልኳቸው። «እየሄድኩ እፈልጋለሁ» አሉ።

በማግስቱ ቅጹ ደረሰኝ። በሦስተኛው መስመር ላይ፣ በዚያው ሰፊ ጽሑፍ፣ «አልተገኘም» ይላል።