ጦጣ ያፈረሰችው ጾም

እኛ ቤት ክረምት ማለት ሐዋሳ ማለት ነበር። ካርድ በተቀበልን በሳምንቱ እናቴ ዳቦ ቆሎ ትቋጥራለች፣ አባቴ የአውቶቡስ ቲኬት ይቆርጣል፣ እኛ ልጆቹ ደግሞ 275 ኪሎ ሜትር ሙሉ «ደረስን?» እንላለን። አንድ ዓመት ዝዋይ ሐይቅን አይቼ «ሐዋሳ!» ብዬ ብጮህ አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀብኝ። እህቶቼ እስካሁን አልረሱልኝም።

የምናርፈው ከሐይቁ ዳር መናፈሻ፣ ከፍቅር ሐይቅ፣ አስር ደቂቃ በእግር ከሚያስኬደው የአክስቴ ቤት ነው። የአባቴ ታላቅ እህት ናት። የእሷ አራት፣ የእኛ ሦስት፣ ሰባታችን አንድ ፍራሽ ላይ እንደ ማገዶ እንደረደራለን። ጠዋት ጠዋት ጦጣ የቆርቆሮውን ጣሪያ እየደበደበች ትቀሰቅሰናለች።

ሁሉ ደህና ነው፤ ችግሩ ፍልሰታ ነው። ነሐሴ 1 ሲገባ በአክስቴና በእናቴ መካከል ያው የየዓመቱ ክርክር ይጀመራል።

«ዓሣ እኮ ጾም ነው፣ እታለም፤» ትላለች አክስቴ።

«የማን አባት ነው የፈቀደልሽ?» ትላለች እናቴ።

አባቴ መሐል ላይ ቁጭ ብሎ ጣሪያውን ያያል። ሚስትና እህት ሲከራከሩ ጣሪያ የማያይ ወንድ ጤነኛ አይመስለኝም። ግን ምራቁን ሲውጥ አየዋለሁ።

1994 ዓ.ም. ነው። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ። ጾሙ ሊጋመስ ሲል አባቴ ከሰዓት በኋላ ኮቱን ለበሰና «ና እስቲ፣ ነፋስ ተቀብለን እንምጣ» አለኝ። ነፋሱ ያለው አሞራ ገደል ኖሯል!

አሞራ ገደልን ለማያውቅ፦ ጀልባዎቹ ዓሣቸውን የሚያራግፉበት የሐይቁ ዳር ነው። የእኔ እኩያ ልጆች በቢላ ዓሣውን ገፈው፣ ሆድቃውን ጥለው፣ ሥጋውን ሲለዩት ዓይን አይከተላቸውም። ከኋላቸው አባ ኮዳዎች ተሰልፈው ፍርፋሪ ይጠብቃሉ። አባ ኮዳ ያ ራሱ የተመለጠው፣ አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለው ትልቅ ወፍ ነው። አቋሙ ቁርጥ ጡረታ የወጣ የቀበሌ ሊቀመንበር።

አባቴ ሦስት የተጠበሰ ቆሮሶ አዘዘ። ዳጣ አስጨመረበት።

«አባባ፣ ጾም አይደል?» አልኩት። በዚያው ጠዋት ቅዳሴ አስቀድሼ ነበር።

«አክስትህ ምን አለች?»

«ጾም ነው አለች።»

«በቃ! ታላቅ ይከበራል።»

በላን። ያን የመሰለ ዓሣ ከዚያ በኋላ አልበላሁም፣ ምናልባት ስለተደበቅን ይሆናል። ሁለቱን ጨርሰን ብንሄድ ኖሮ ይህን ታሪክ አልጽፍም ነበር። አባቴ ግን ሦስተኛውን «ለማታ» ብሎ በጋዜጣ ጠቀለለና የኮቱ የውስጥ ኪስ ከተተው።

በሐይቁ ዳር እየተመለስን ዛፎቹ ሥር ስንደርስ፣ ከፊት ለፊት ሁለት ነጭ ነጠላ። እናቴና አክስቴ! ከገብርኤል ተሳልመው እነሱም ነፋስ ሊቀበሉ መጥተዋል።

«የት ቆያችሁ?» አለች እናቴ።

«ለልጁ ስለ ሐይቁ እያስረዳሁት። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ መውጫ ግን የለውም፤ እንዲያም ሆኖ ውሃው ጨው አይደለም።»

እውነቱን ነው። መውጫ እንደሌለው ግን በአስር ሰከንድ ውስጥ ነው የገባው። ከዛፉ ላይ አንዲት ጦጣ ዱብ አለችና ኮቱ ላይ ተንጠለጠለች። አባቴ ደረቱን እንደ ልብ ሕመምተኛ ጨምድዶ ያዘ።

«ኪሱን! ቦርሳውን ልትወስድበት ነው!» እናቴ ምስኪን ጦጣዋን በጃንጥላ መምታት ጀመረች። ለባሏ ገንዘብ ስትታገል ጋዜጣው ተቀደደ። ቆሮሶው ከነዳጣው ጫማዋ ፊት ዘጭ አለ።

ማንም አልተነፈሰም። ጦጣዋ እንኳ አፈገፈገች። ያን ጊዜ አንድ አባ ኮዳ ቀስ ብሎ መጣ፣ ዓሣውን በምንቃሩ አነሳ፣ ከነአጥንቱ ዋጠና ሄደ።

የአባቴ ፊት በራ። ማስረጃው ጠፋ!

«ምን ነበር እሱ ደግሞ?» አለ፣ እንደ መንገደኛ።

እናቴ መልስ አልሰጠችውም። ወደ እኔ ጎንበስ አለች። «እስቲ ሃ በል።»

«ሃ፤» አልኩ። ዳጣው ወጣ።

አክስቴ ሳቋን ማቆም አቅቷት ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። «ወንድምዓለም፣ ድሮም ጾም ነው ብዬህ ነበር!» እናቴ ግን ምንም አላለችም። ያን ቀን አላለችም፣ በማግስቱም አላለችም። አባቴ እስከ ፍስክ ሳይጠየቅ ሽሮ ብቻ በላ።

ነሐሴ 18 ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ አውቶቡሱ ዝዋይ ላይ ቆመ። ልጆች ጥሬ ዓሣ በገመድ አንጠልጥለው መስኮት ሥር ተሻሙ። እናቴ መስኮቱን ከፍታ አንድ እስር ገዛች፣ ዘጋችና ውሃው እየተንጠባጠበ አባቴ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«ይኸው፣ አሁን ጾም የለም። ኪስህ ክተተው።»

ገና 160 ኪሎ ሜትር ይቀረናል። ሞጆ ሳንደርስ ከኋላችን ያሉት ሴትዮ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፈኑ። አባቴ ላቡን እየጠረገ «ይቺን መስኮት ትንሽ ብንከፍታት?» አለ።

«ብርድ ይመታሃል፤» አለች እናቴ።