አጥፍቼው ነበር

ሞተር ብስክሌቱን አጥፍቼው ነበር። ቁልፉም ኪሴ ውስጥ ነበር። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው፣ ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር በተጣለ አንድ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ የነበረ ሰው ሁሉ «አላጠፋውም» እያለ ሲያወራ ስለከረመ ነው። እኔም ሌሊት እየባነንኩ ለጣሪያው ማስረዳት ሰልችቶኛል።

የአክስቴ ልጅ ከውጭ አገር ሲመጣ አንድ ግዙፍ የረጅም ጉዞ ሞተር ብስክሌት አስጭኖ አመጣ። ግራና ቀኙ ሻንጣ፣ ከኋላው ሌላ ሻንጣ፣ ከፊቱ የንፋስ መከላከያ መስታወት፣ ለተፈናጣጩ የክንድ መደገፊያ ሳይቀር አለው። ክብደቱ ከ350 ኪሎ ይበልጣል፤ አንዴ ወደ ጎን ካዘነበለ የሰፈር ወጣት መጥራት ግድ ነው። የፋብሪካውን ስም አልጠራም፤ ፋብሪካው በዚህ ነገር የለበትም። ልጁ ወደ አገሩ ሲመለስ «ቆሞ ባትሪው እንዳይሞት አልፎ አልፎ ንዳው» ብሎ ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮምቦልቻ ውስጥ ሰላምታ የሚሰጠኝ ሰው የለም። ሁሉም የሚጠይቀኝ በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ነው።

የእናቴ የቀድሞ ጎረቤት የነበሩ አንድ ሽማግሌ ማረፋቸውን ስሰማ በዚሁ ሞተር ወደ ደሴ ወጣሁ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ 2,500 ገደማ። ልዩነቱን የሚያስከፍለው የሐረጎ አቀበት ነው። እኔ ደግሞ ሐረጎን የወጣሁት ሲሚንቶ ከጫነ ተሳቢ መኪና ኋላ ነው። ለመቅደም ስሞክር መታጠፊያ፣ መታጠፊያው ሲያልቅ ከላይ የሚወርድ አውቶቡስ፣ አውቶቡሱ ሲያልፍ ሌላ መታጠፊያ። ከተሳቢው የሚወጣውን ጥቁር ጭስ በአንደኛ ማርሽ እየጠጣሁ፣ ፍሪሲዮኑን እየያዝኩና እየለቀቅኩ ወጣሁ። አንድ አህያ የሚነዳ ልጅ ከጎኔ ሆኖ ጥቂት መንገድ አብሮኝ ከሄደ በኋላ ቀድሞኝ ሄደ። ዞሮም አላየኝም።

እንግዲህ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የቤንዚን ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ውስጥ ለጎማው የሚደርሰው ኃይል ከሲሶ ብዙም አይዘልም። የቀረው ሙቀት ነው፤ ከፊሉ በማርሚታው ይወጣል፣ ከፊሉን በሲሊንደሮቹ ዙሪያ የሚዞረው ውሃ ተሸክሞ ራዲያተሩ ላይ ያራግፈዋል። መንገድ ላይ እየበረርክ ከሆነ ከፊት የሚመጣው ንፋስ ራዲያተሩን ያበርደዋል፤ ነጂውም ምንም አይሰማውም። ከተሳቢ ኋላ ስትሳብ ግን ንፋስ የለም። ያኔ የኤሌክትሪክ ማራገቢያው ይነሳና የራዲያተሩን ትኩሳት ገፍቶ ያወጣዋል። ወዴት? ወደ ነጂው ጉልበትና ጭን። ስለዚህ ደረቴ ደሴ፣ ጭኔ ባቲ ሆኖ ነው ከተማ የገባሁት። በዚያ ላይ ሰኞ ገበያ አካባቢ ባጃጆች ተቆላልፈው ቆመው ጠበቁኝ።

ድንኳኑ ጋ ስደርስ የቅሬው፣ ማለትም የሰፈሩ ዕድር፣ ጸሐፊ ከሩቅ አይቶኝ በሁለት እጁ ጠራኝ። እኔ ራቅ ብዬ፣ ከግንቡ ማዶ ላቆም ነበር። እሱ ነው «እዚህ! እዚህ! ከድንኳኑ አጠገብ!» ያለኝ። ሰው እንዲያይለት ፈልጎ መሆን አለበት። ይህ ሰው ወደ ኋላ ስለሚመለስ አንባቢ ልብ ይበለው።

አቆምኩት። አጠፋሁት። ቁልፉን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። ጫማዬን አውልቄ፣ አንገቴን ደፍቼ ገባሁና ከጥግ ተቀመጥኩ። ጸጥታ ሆነ። ሼሁ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ እጁን ዘረጋ። «ቀብሩን ያስፋለት!» አሉ። አሚን አልን። «ከእሳት ይጠብቀው!» ሲሉ አሚኑ ከአፋችን ሳይወጣ ከውጭ ማራገቢያው ተነሳ።

ስለዚህ ማራገቢያ ጥቂት ልበል። ስፋቱ ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጥም። ነገር ግን ራዲያተሩ ወደ ድንኳኑ ዞሮ ነበርና የሸራውን ጫፍ ከመሬት አነሳው። ሸራው ሲነሳ ከሴቶቹ በኩል የነበረው የዕጣን ጭስ አቅጣጫውን ለውጦ ወደ ወንዶቹ መጣ። ሁለት ሰዎች አሳላቸው። የቅሬው መዋጮ ደብተር ከጸሐፊው ጉልበት ላይ ሆኖ በራሱ መገለጥ ጀመረ፤ ጸሐፊውም በመዳፉ ተጫነው፤ በመካከሉ የነበረች አንዲት የአሥር ብር ኖት ግን አምልጣ ሼሁ እግር ሥር አረፈች። የሆነው ይህ ብቻ ነው። ዛሬ ግን ሸዋ በር ብትሄዱ ድንኳኑ ካስማው ተነቅሏል። ኩታበር ድረስ ከሄዳችሁ የሼሁ ጥምጣም ተገፎ ጦሳ ላይ ተገኝቷል። ሐይቅ የሚኖር አንድ ዘመዴ ደውሎ እንደነገረኝ ደግሞ ድንኳኑ ከነጀበናው ተነስቶ ሐይቁ ላይ ወድቋል፤ ዓሣ አጥማጆች ሲኒ እያወጡ ነው። ባትሪው 12 ቮልት ነው ብዬ ብናገር ማን ይሰማኛል?

ሼሁ ዱዓውን ገታ አድርገው በርጋታ ወደ እኔ ተመለከቱ።

«ልጄ፣ አጥፋውና ተቀመጥ።»

«አጥፍቼዋለሁ፣ ሼህ።»

«ይጮኻል እኮ።»

«የሚጮኸው ማራገቢያው ነው እንጂ እሱ አይደለም።»

«ማራገቢያው የማን ነው?»

«የእሱ ነው።»

«እንግዲያው እሱ ነው።»

ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ከፍ አድርጌ አሳየሁ። ይህን ማድረግ አልነበረብኝም የሚል ሰው አለ፤ እኔ ግን ማስረጃ ማቅረቤ ነው። ድንኳኑ ሙሉ ቁልፉን አየ፣ ከዚያ ወደ ሞተሩ አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። ከፊታቸው ያነበብኩት «ምስኪን፣ የራሱን ሞተር ማጥፋት አያውቅም» የሚል ነው።

አስረዳሁ። ሞተሩ ሲጠፋ የውሃው ፓምፕም አብሮ ይቆማል። ብረቱ ውስጥ የቀረው ሙቀት ግን አይቆምም፤ የቆመው ውሃ ላይ ይፈስበታል። ስለዚህ ሙቀቱ ከጠፋ በኋላ ጥቂት ይጨምራል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ ማራገቢያው በቀጥታ ከባትሪው ጋር ስለተያያዘ ቁልፉ ቢወጣም ተነስቶ ያበርደዋል። ሥራውን ነው የሠራው! ይህን ሁሉ ስናገር አንድ ሽማግሌ «ድሮ ሞተር ውሃ ይጠጣ ነበር እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ደግነት መስሎኝ መለስኩላቸው። ሆንዳ ጎልድ ዊንግ የተባለውን ትልቅ ሞተር በ1974 ለዓለም ሲያሳይ በውሃ የሚበርድ አድርጎ እንደመጣ፣ ቢ ኤም ደብልዩ ግን ሁለት ሲሊንደሮቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ከ1923 ጀምሮ በአየር፣ በኋላም በዘይት እያበረደ ቆይቶ ወደ ውሃው የዞረው በ2013 ሞዴሉ መሆኑን፣ ሃርሊ ዴቪድሰንም በ2014 አንዳንድ የጉዞ ሞተሮቹን ቴስታታቸውን፣ ማለትም የሲሊንደሩን የላይኛ ክዳን፣ ብቻ በውሃ ማብረድ ጀምሮ ራዲያተሮቹን ከነጂው እግር ፊት ባለው ሽፋን ውስጥ እንደሸሸገ ነገርኳቸው።

ሽማግሌው በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ «1923 ያልከው በእኛ ነው በፈረንጅ?» አሉ።

«በፈረንጅ።»

«እንግዲያው የንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ነው።»

«የሰገሌ ጦርነት ካለፈ ሰባት ዓመቱ ነው» አለ ከጎናቸው ያለው። በዚህ ተነስተው ንጉሥ ሚካኤል ጋ ደረሱ፣ ከንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ ገቡ፣ ከዚያ አልወጡም። የእኔ ራዲያተር ተረሳ። ማራገቢያው ግን ይጮኻል።

በዚህ መካከል አንድ የቅሬው ወጣት ቢጫ ጀሪካን ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ አንጠልጥሎ ብቅ አለ። ሊያፈስበት ነው! ሮጬ ወጣሁና በመካከል ቆምኩ። የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢፈስ ሊሰነጠቅ ይችላል። እሱን ስመልስ ሌላው ከኋላዬ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት እጁን ሰድዷል። እዚህ ላይ ስለ ክዳን ከፋቾች የምለው አለኝ። በዚህ አገር ጭስ ያየ ሰው ሁሉ ክዳን መክፈት ይወዳል። በሐረጎም፣ በከሚሴም፣ የትም መኪና ቆሞ ባየ ቁጥር ከሜዳ ብቅ የሚል አንድ ክዳን ከፋች አለ። ተራ ውሃ በደሴ ከፍታ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ራዲያተር ውስጥ ያለው ግን ኩላንት የተቀላቀለበትና ክዳኑ ግፊቱን አፍኖ የያዘው ስለሆነ ከ120 ዲግሪ በላይም ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ የተከፈተ ዕለት ግፊቱ ይለቀቃል፣ ያ ሁሉ ፈሳሽ በአንድ ጊዜ ይፈላና ፊት ላይ ይዘላል። ከዚያ ክዳን ከፋቹ ሆስፒታል ይገባል፤ ባለ መኪናው ደግሞ ጠያቂ ሆኖ ብርቱካን ይገዛል። ይህን የሚያወሩ ሰዎች ጋራዥ ውስጥ አሉ፤ ለቅሶ ቤት ግን አይመጡም።

ስለዚህ እጆቼን ግራና ቀኝ ዘርግቼ ከሞተሩ ፊት ቆምኩ። የለቅሶ ድንኳን ደጃፍ ላይ፣ በካልሲ። ከሴቶቹ በኩል አንዲት አሮጊት እናት ወጡና አዩኝ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ጠጋ ብለው ትከሻዬን ያዙና «አብሽር ልጄ፣ ይተርፋል» አሉኝ።

ሟቹ ውስጥ ናቸው፣ እማማ፣ ልላቸው ነበር። አላልኩም።

የሰፈሩ ሕፃናት ደግሞ የነገሩ ጥቅም የገባቸው እነሱ ብቻ ናቸው። የደሴ ጠዋት ነውና ራዲያተሩ ፊት ተሰልፈው እጃቸውን ማሞቅ ጀመሩ። አንዱማ ሸሚዙን ገልጦ ሆዱን አስጠጋ። ተራ ይጠባበቁ ነበር፤ ሥርዓታቸው ከአዋቂው ይበልጥ ነበር።

ከዚያ የሆነው እስካሁን የሚያቃጥለኝ ነው። ውሃው እየበረደ ሄዷል፤ ማራገቢያው በራሱ ሊቆም እንደሆነ ድምፁ ላይ ይታወቀኝ ነበር። አፌን ከፍቼ «አሁን ይቆማል» ልል ስል እኚያ አሮጊት እናት መዳፋቸውን የነዳጅ ታንኩ ላይ አሳረፉና «በቃህ፣ አንተ! ሰው ሞቶብናል» አሉት።

ቆመ።

ድንኳኑ በአንድ ድምፅ «ማሻ አላህ» አለ። ሼሁ ዱዓውን ካቆሙበት ቀጠሉ። እኔም ገብቼ ተቀመጥኩ። ባትሪ፣ ፓምፕ፣ ራዲያተር፣ 1974፣ 2013፣ ሁሉም እዚያው ከንቱ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እንደሰማሁት የማይነሱ ባጃጆችን ለእኚህ እናት እየገፉ ይወስዱላቸዋል። እሳቸው በጎ ሰው ናቸው፤ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ቡና ሲፈላ እኔን አስቀምጦ «እማማ ያጠፉለት ልጅ» ብሎ ከሚያስተዋውቀኝ ሰው ጋር ነው። ለአክስቴ ልጅ ደውዬ ነገርኩት። ስቆ ስቆ ሲያበቃ «ጤነኛ ነው ማለት ነው» አለኝ። ስለ ማራገቢያው መሆኑ ነው።

አሁን የቅሬው ጸሐፊ ጋ እንመለስ። ሰውየው በሥርዓቱ ደብተሩን ገልጦ አንድ መቶ ብር ቅጣት ጻፈብኝ። ምክንያት በሚለው አምድ «በዱዓ ሰዓት ሞተር ባለማጥፋት» ብሎ ሞላ። «እዚህ! እዚህ!» ብሎ በሁለት እጁ የጠራኝ ራሱ ነው እኮ! መቶ ብሩ አይደለም የሚቆጨኝ። የከፈልኩ ዕለት፣ አላጠፋሁትም ብዬ ፈረምኩ ማለት ነው። የቅሬውን ዳኛ አነጋገርኩ፤ ዳኛው ሳቅ ይዞት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሼሁ ደግሞ ነገሩን ሰምተው «ልጁ አይቸገር፣ ከእኔ ይቆረጥ» ብለው ልከዋል፤ ይህ ከቅጣቱ ይብሳል።

በመጨረሻ ሰው ልኬ ተደራደርኩ። እከፍላለሁ፤ ነገር ግን አምዱ ይታረምና «ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ በራሱ በተነሳው የራዲያተር ማራገቢያ ምክንያት» ይባል አልኩ። ጸሐፊው መስመሩ አይበቃም ብሏል።